የአንኮበሩን የአንድ ቀን ጉዞ ስለ መቀየራችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከኅዳር ወር ጀምሮ የአንድ ቀን ወፍ የማየት ጉዟችን አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ እንዲያበቃና ከሥሩ ባለው ቆላ ወደሚገኘው መልካ ጀብዱ እንዳይወርድ ማድረጋችን ብዙዎቻችሁን አስቀይሟል። ቅር ለተሰኛችሁ ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። «ከሁለቱ ብርቅዬ ወፎች አንዷን ቀነሳችሁ፣ ዋጋውን ግን አልነካችሁትም» የሚለውን ወቀሳ ግን በዝምታ ማለፍ አልሆነልንም።

መልካ ጀብዱ ለምን እንደሚያጓጓ እናውቃለን። እዚያ ያለችው ጉሮሮዋ ቢጫ ትንሽ ወፍ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለችም፤ ለመቶ ዓመት ያህል ሳትታይ ቆይታ እንደገና የተገኘችውም በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ነገር ግን በአንድ ቀን ስንወስዳችሁ ነገሩ እንዴት ነበር? ከደብረ ብርሃን ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥተን፣ አፋፉ ላይ ጥቂት ቆመን፣ እየተጣደፍን ቁልቁል እንወርዳለን። ቆላው ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ በዚያ ሰዓት ወፍ ጥላ ፈልጋ ዝም ትላለች። እስኪበርድ ከጠበቅን ደግሞ ዳገቱ ላይ ይመሽብናል። ያ ጠመዝማዛ መንገድ በጉምና በጨለማ ምን እንደሚመስል ሾፌራችንን ጠይቁት፤ እናንተ ከኋላ ወንበር ተኝታችሁ ነበር።

አፋፉ ላይ የምትገኘው ሁለተኛዋ ብርቅዬ ትንሽ ወፍ፣ የአንኮበሯ ሴሪን፣ ደግሞ ለታገሠ እንጂ ለቸኮለ አትታይም። ሳይንሳዊ ስም የተሰጣት በ1979 እ.ኤ.አ. ሲሆን መልኳ ግራጫማ ቡናማ፣ ደረቷ ዥንጉርጉር ነው። «በቃ ይቺ ናት?» ያለን ደንበኛ አለ፤ አልተቀየምነውም። ጉሙ ሲገለጥ በመንጋ ሆነው ከገደሉ ፊት ይነሡና ጫፉ ላይ ያርፋሉ፤ ሣር ሥር እንደ አይጥ እየተሽሎኮለኩ ፍሬ ይለቅማሉ። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም በአንዴ ከአፋፉ በታች ይሰወራሉ። በቅርቡ የወሰድናቸው እንግዶች እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ምንም ሳያዩ ቆይተው፣ ከዚያ ወፎቹ ከጫማቸው ጥቂት እርምጃ ርቀው ሲለቅሙ አይተዋል። በቀድሞው ፕሮግራም ቢሆን በዚያ ሰዓት መኪና ውስጥ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ የተረፈው ጊዜም ቢሆን ባክኖ አይቀርም፤ በመመለሻው ረግረግ ለረግረግ እየሄድን ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ እንፈልጋለን።

ስለ ዋጋው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ጎማም መለዋወጫም በቀድሞ ገንዘብ የሚገዛ ነገር አልሆነም፤ የናፍጣውን እናንተም ታውቁታላችሁ። እኛ ግን በጉዞው ላይ ጭማሪ አላደረግንም። ባለቤቴ ሌሊት ተነሥታ የምታዘጋጀው ፍርፍርና ሻይም ዛሬም ከዚያው ሒሳብ ውስጥ ነው። «የሁለት ቀኑን ጉዞ ሊሸጡልን ነው» ያላችሁን ወገኖች ቃል አሳዝኖናል። አንኮበር አድረን ሲነጋጋ መልካ ጀብዱ መድረስ ወፏን ለማየት ከሁሉም የሚሻለው መንገድ ስለሆነ ነው የምንመክረው። ከፈለጋችሁ አትምጡበት፤ የአንድ ቀኑ አለ።

ይህን ሥራ የጀመርኩት በአባቴ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። አባቴ ገብስ ይጭንበት ነበር፤ እኔ ሰው ይዤ ወፍ ፍለጋ ስወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር። ያኔ ተሳፋሪዎቼ ፈረንጆች ብቻ ነበሩ። ዛሬ የሩቅ ማያ መነጽር ይዘው የሚመጡት ከአዲስ አበባም ከደብረ ብርሃንም የራሳችን ልጆች ናቸው፤ ይህን ሳይ የሚሰማኝን ኩራት አልደብቅም። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት መኪናዋ ግቢ ውስጥ ስትቆም ሾፌሩንም አስጎብኚውንም አላሰናበትንም። ደውላችሁ «አይዟችሁ፣ ሲከፈት እንመጣለን» ያላችሁንም አልረሳንም። አሁን የጠፋችሁት እናንተው በመሆናችሁ ነው ነገሩ የከበደን።

ከኅዳር በፊት ለሁለቱም ቦታ የከፈላችሁ ገንዘባችሁን መልሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፤ ወይም የሁለት ቀኑን ጉዞ በከፈላችሁት እንወስዳችኋለን፤ የማደሪያውን ወጪ ብቻ እናንተ ትሸፍናላችሁ። ከጥምቀት በኋላ ያሉት ቅዳሜዎች ገና አልተያዙም። ውርጩ ስለሚበረታ ጓንትና ወፍራም ካልሲ ያዙ፤ ፍርፍሩን ለእኛ ተዉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት
ደብረ ብርሃን