ከዱር ስለተያዙ መርዛማ እባቦች የሳንባ ትል

ውድ አባላት፣

ከዱር የተያዘ እፉኝት ስትረከቡ መርዙን ብቻ አትፍሩ፤ ሳንባውንም ጠርጥሩ። ራብዲያስ የተባለው ድቡልቡል ትል እንቁላሉን የሚጥለው እዚያው ሳንባ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ወደ አፍ ወጥቶ ይዋጥና በኩስ ይወጣል፤ እጮቹም በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ አድገው ቆዳ ሰርስረው ይገባሉ። ስለዚህ ጉዝጓዙ ደረቅ ወረቀት ይሁን፤ ቶሎ ቶሎም ይቀየር። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ወይም አረፋ የሚያወጣ እባብ ካለ፣ ኩሱና ሳንባው በፈሳሽ ታጥቦ የተወሰደው ናሙና በማይክሮስኮፕ ይታይ። ፌንቤንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት ይረዳል፤ መጠኑን ግን የእንስሳት ሐኪም ይወስን እንጂ በግምት አትስጡ።

በጋቦን እፉኝት ሳንባ የሚገኘው አርሚሊፈር የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ትል ይመስላል እንጂ ዝምድናው ከሸርጣን ወገን ነው፤ እንቁላሉም ወደ ሰው ይተላለፋል። ያለ ጓንት ኩስ አትንኩ።