ሰጋቱራ በዶላር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ አንባቢያችሁ ስለ ፔሌት ስሞከር (በተጨመቀ የእንጨት እንክብል እሳትና ጢስ ሥጋ የሚያበስል ማሽን) የጻፉትን አነበብኩ። ነገሩ ባጭሩ «በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የጢስ ሽቶ መርጨት ነው፣ ሰው ከሆንክ ከሰል አቀጣጥል» የሚል ነበር። ሳቅኩ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ግን ማሽኑን በሩቁ አይተው የጻፉት ይመስለኛል። እኔ ደግሞ አንድ ወር ሙሉ ስታገለው ስለከረምኩ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የምኖረው ጋርላንድ ነው፣ ዳላስ አጠገብ። ሥራዬ የሌሊት ነው። ልጆቼ ገንዘብ አዋጥተው ለአባቶች ቀን ስሞከሩን ገዙልኝ። ደስ አለኝ፣ ግን የአባቶች ቀን በሰኔ ውስጥ ነው፣ ሰኔ ደግሞ ጾም አለው። እኛ «የሰኔ ጾም የቄስ ነው» እያልን ብንሸሸውም አማቴ አይሸሹትም። እሳቸው እየጾሙ ግቢውን በሥጋ ጢስ መሙላት ነውር ስለሆነብኝ ማሽኑ እስከ ሐምሌ 5 ድረስ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ጋራዥ ተቀመጠ። ጴጥሮስ ወጳውሎስ ሲያልፍ አወጣሁት።

መጀመሪያ ባዶውን አንድ ሰዓት ያህል ማንደድ ያስፈልጋል፣ የፋብሪካው ዘይት እንዲቃጠልለት። የፔሌቱን ከረጢት ቀድጄ ስገለብጥ አማቴ አጠገቤ ቆመው ነበር። አንዷን እንክብል አነሱ። በጥፍራቸው ሰበሯትና አሸተቷት።

«ሰጋቱራ ነው እንዴ?»

«አዎ እማማ፣ የተጨመቀ ሰጋቱራ ነው።»

«ስንት ገዛኸው?»

20 ፓውንዱን በ18 ዶላር እንደገዛሁ ነገርኳቸው። «ኧረ ባክህ! ሰጋቱራ በዶላር!» ብለው ወደ ቤት ገቡ። ባለቤቴ እስካሁን ይህችን ነገር ስልክ ላይ ለዘመድ ሁሉ ታወራለች።

አማቴ ግን አልተሳሳቱም። የድሮ አዲስ አበባ ሰው የሰጋቱራ ምድጃን ያውቃል። ቆርቆሮው መሀል ጠርሙስ ወይም ዱላ ይቆማል፣ ሰጋቱራው ዙሪያውን ይጠቀጠቃል፣ ዱላው ሲወጣ መሀሉ ቀዳዳ ይሆናል፣ ከዚያ ከታች ይለኮሳል። በደንብ ከተጠቀጠቀ ቀስ እያለ ለሰዓታት ይነዳል። ካልተጠቀጠቀ ይደረመስና ቤቱን ጢስ በጢስ ያደርገዋል። የእኔም ማሽን ያው ነው፣ ልዩነቱ ሰጋቱራውን የሚመግበው ሰው ሳይሆን ሞተር መሆኑ ነው። ፔሌቱ በጎን ባለው ሳጥን ይቀመጣል። ከሥሩ ብሎን የመሰለ ጠመዝማዛ ብረት እየዞረ ትንሽ ትንሽ ወደ አንዲት ጎድጓዳ ማንደጃ ይገፋዋል። እዚያ የጋለ ብረት ይለኩሰዋል፣ ማራገቢያው ያናፍሰዋል። ሙቀቱ ሲወርድ ብዙ ይመግባል፣ ሲወጣ ይቆጥባል።

ስለዚህ ለጸሐፊው መልሴ ይኸው፦ ኤሌክትሪኩ ለመለኮስ፣ ለማዞርና ለማራገብ ነው። ሥጋውን የሚያበስለው እንጨት ነው። እንጨቱ ውስጥ ሙጫ አልተጨመረበትም፣ በግፊትና በሙቀት የራሱ ሊግኒን (እንጨቱ ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ማጣበቂያ) ነው የሚያጣብቀው። ለዚህም ነው ውሃ ከነካው ወዲያው አብጦ ተመልሶ ሰጋቱራ የሚሆነው። ዝናብ ያገኘውን ፔሌት ጠመዝማዛው ውስጥ ካስገባችሁት ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ይደርቅላችኋል፣ ማውጫውም አበሳ ነው። (አገር ቤት ላለ ወንድም ልላክ ያላችሁ፣ ተዉት። የአሜሪካው ማሽን የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፣ የእኛ አገር 220 ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሳቱም አብሮ ይጠፋል።)

ነገሩ የተጀመረው ኦሪገን ውስጥ ነው። በ1970ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ፔሌት በነዳጅ ፈንታ ማገዶ ሆኖ መጣ፣ ከዚያ በ1980ዎቹ አጋማሽ ጆ ትሬገር የተባለ የማሞቂያ ነጋዴ ሐሳቡን ወደ ሥጋ መጥበሻ አመጣው። የፈጠራ መብቱ ጊዜ ሲያልቅ ሌሎች ኩባንያዎች ተሽቀዳደሙ። ዛሬ በየሱቁ የምናየው ያ ነው።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ዶሮ ነበር፣ አሳፋሪም ነበር። «ቀስ ብሎ ይብሰል» ብዬ 225 ዲግሪ ላይ አደረግኩት (እዚህ በፋራናይት ነው የምንቆጥረው፣ በሴልሺየስ 107 ገደማ ነው)። ሥጋው ጥሩ ሆነ። ቆዳው ግን የመኪና ጎማ። ትንሹ ልጄ በጥርሱ ሲጎትተው እየተለጠጠ አፍንጫው ድረስ መጣ። ለካ ዶሮ 350 አካባቢ ሙቀት ይፈልጋል፣ ቆዳው ስቡን አቅልጦ የሚጠበሰው ያኔ ነው። በሁለተኛው ዙር ተስተካከለ።

ከዚያ ወደ ፍርምባ ዞርኩ። ቴክሳስ ተቀምጦ ፍርምባ አለማጨስ መቀሌ ተቀምጦ ጥሕሎ አለመቅመስ ነው። እዚህ «ብሪስኬት» ይሉታል፣ ያው የበሬው ደረት ነው። እኛ ከሥጋ ቤት ስናዝዝ ሻኛና ጎድን እንጂ ፍርምባ የምንመርጥ ስንቶች ነን? ጠንካራ ነው፣ ለጥብስ አይሆንም። ግን ያንን ጥንካሬ የሚሰጠው ጅማት በረጅም ሰዓት ቀልጦ እንደ ቅልጥም መረቅ ይሆናል። 13 ፓውንድ ገዛሁ። ጮማውን ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል አስቀርቼ ላጥኩት። አንዱን ወገን በጨውና በሻካራ ቁንዶ በርበሬ፣ ልክ እንደ ቴክሳሶቹ፣ ሌላውን ወገን ደግሞ ከአገር በመጣ በርበሬ አሸሁት። ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከተትኩት (በሐበሻ ሰዓት ነው የምናገረው)። ፔሌቱ የኦክ እንጨት ነው። በተጨሰ ሥጋ የታወቀችው የቴክሳሷ ከተማ የሎክሃርት ሥጋ ቤቶችም የሚያነዱት ኦክ ነው።

ሲነሳ ነጭ ወፍራም ጢስ ይወጣል። ያኔ ሥጋ አታስገቡ፣ ይመራል። ትንሽ ቆይቶ ጢሱ ይሳሳና ሰማያዊ ይመስላል፣ ከርቀት ጭራሽ አይታይም። አማቴ በመስኮት እያዩ «አሁን ነው የጠራው» አሉ። የወተት ዕቃ በወይራ እያጠኑ ያደጉ ሰው ናቸው። ጢስ ሲጠራ ያውቁታል።

እስከ እኩለ ሌሊት ሁሉም ሰላም ነበር። ሥጋው ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር 160 ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ንቅንቅ የለም። ማሽኑ የተበላሸ መሰለኝ። አይደለም፣ ሥጋው እያላበው ነው። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው አይደል? ያው ነው። እሳቱ የሚያሞቀውን ያህል ላቡ ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥበቱ እስኪቀንስ ድረስ ሁለቱ ይጓተታሉ። ይህን የማያውቅ ሰው እዚህ ጋ ነው እሳቱን ከፍ አድርጎ ሥጋውን የሚያደርቀው። እኔ ታገስኩ። ታግሼም ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቀሰቀሱኝ አማቴ ናቸው። ሁልጊዜ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለጸሎት ይነሳሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዳዊታቸውን እንደያዙ ከራሴ በላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ እሳትህ ጠፍቷል።»

«አይ እማማ፣ ስልኬ ይናገራል፣ ቢጠፋ ይጮሃል።»

«ስልክህን እንጃ። ጢሱ ግን ቆሟል።»

ወጣሁ። ማራገቢያው ይዞራል፣ ጠመዝማዛው ይዞራል፣ እሳት የለም። የሳጥኑን ክዳን ስከፍት ፔሌቱ ዳርና ዳር ግድግዳውን ይዞ ቆሟል፣ መሀሉ ግን እስከ ታች ቀዳዳ ነው። ልክ የሰጋቱራ ምድጃው! አማቴ በባትሪ አብርተው አዩና «አልጠቀጠቅከውማ» አሉኝ። እዚህ ግን መፍትሔው ተቃራኒ ነው፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ በእንጨት ማማሰል ነው። የትኛውም መመሪያ ላይ አላየሁትም፣ ስልኬም እስኪነጋ ድረስ ትንፍሽ አላለም። ሻጩ «አብርተህ ተኛ» ብሎኝ ነበር። ደውዬ ስነግረው ፎቶ ላክ አለኝ፣ ላክሁ፣ ይኸው እስካሁን።

ደግነቱ ማሽኑ ወደ 140 ቢወርድም ሥጋው ራሱ 163 ላይ ነበር። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት አደገኛ የሚለው ከ40 እስከ 140 ያለውን ነው፣ ስለዚህ ተርፈናል። ደግሜ ከመለኮሴ በፊት ሥጋውን አውጥቼ፣ ፍርግርጉን አንስቼ፣ የማንደጃዋን አመድ በማንኪያ ጠረግኩ። ይህን አትዝለሉት። ያልነደደ ፔሌት እዚያ ተከምሮ እያለ ካስነሳችሁት ባንዴ ይቀጣጠልና ክዳኑን ሊያስነሳው ይችላል። ከዚያ ሥጋውን በሥጋ ቤት ወረቀት ጠቅልዬ መለስኩት። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ 203 ደረሰ። ቴርሞሜትሩን ስሰካው ቅቤ ውስጥ የገባ ያህል ሰተት አለ። ወጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ማረፍ አለበት፣ በረዶ በሌለው የበረዶ ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ። በጋቢ ልጠቀልለው ስል ባለቤቴ አየችኝ። በፎጣ ሆነ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓደኞች መጡ። ስቆርጠው ከጥቁሩ ቅርፊት ሥር ቀይ ቀለበት ታየ። አንዱ ጓደኛዬ «ይሄ እኮ አልበሰለም» አለ። ይህ ሰው በየበዓሉ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ የሚጨርስ ነው! ቀለበቱ ደም አይደለም፣ ከሚነደው እንጨት የሚወጣው ጋዝ የሥጋውን ቀለም ስለሚይዘው ነው። ሌላው ደግሞ ሁለት ቁራጭ በላና «ይጣፍጣል፣ ግን ሥጋ ካልታኘከ ምኑን ሥጋ ሆነ?» አለ። ምን ይባላል። ከአሥራ አራት ሰዓት በኋላ ይህን መስማት ያማል።

የበርበሬው ወገን አልተሳካም፣ እውነቱን ልናገር። ጠቆረ፣ ሽታውም አብሮት ሄደ፣ ምሬት ነገር ብቻ ቀረ። በጨውና በቁንዶ በርበሬ ያለው አለቀ፣ አዋዜና ሰናፍጭ ከጎን ቀርቦለት። በርበሬያችሁን አታባክኑ፣ ሥጋው ከበሰለ በኋላ ይድረስ።

ጢሱን በተመለከተ የከሰሉ ወዳጅ ልክ ናቸው። ቀላል ነው። በደህና የግንድ እሳት ላይ የዋለ ሥጋ ልብስህ ላይ ሳምንት ይሸታል፣ ይህኛው አይደርስበትም። በተለይ ሙቀቱን ከፍ ካደረግከው እንጨቱ ጥርት ብሎ ስለሚነድ ጢስ የሚባል የለም። ጢስ የምትፈልግ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ዝቅ አድርገህ ያዘው። ግን እሳቸው ከሰል ሲያራግቡ የሚውሉበት ቅዳሜ አላቸው፣ እኔ የለኝም። ሌሊት ሠርቶ ለሚያድር፣ ቀን ልጅ ለሚያመላልስ ሰው ይህ ማሽን ጥሩ ነው። ለጥብስ ግን አትግዙት፣ ብረት ምጣዱ ይበልጣል።

አሁን ፍልሰታ ሊገባ ስለሆነ ማሽኑ ሊያርፍ ነው። ከመክደኔ በፊት ግን አማቴ ከአገር ያመጧትን የወተት ቅል ይዘው ወጡ። «ካነደድከው አይቀር» አሉ። ወይራ የለንም፣ ኦክ ነው ያለው። ማሽኑ መጨረሻ ዝቅ ባለው ሙቀት ላይ ሆኖ ቅሏ ሃያ ደቂቃ ያህል ተደፍታ ታጠነች፣ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እየጠበቋት። ማግስቱን እርጎውን ቀመሱና ትንሽ ዝም አሉ።

«የወይራው ይበልጣል» አሉ። ከዚያ ኩባያቸውን ለልጄ ሰጡት፣ እንዲደግምላቸው።

አንባቢያችሁ
ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ