በእኔ እርምጃ ለተራመዳችሁ ሁሉ

ከመኪና አደጋው በኋላ ሆስፒታል ድረስ የመጣችሁ፣ ደውላችሁም መልስ ያጣችሁ ወዳጆቼ ብዙ ናችሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ በተለይ ማመስገን የምፈልገው ግን አጥንቴ ከገጠመ በኋላ አብረውኝ ተራራ የወጡትን ነው።

ሰውነቴ ቶሎ ነው ያገገመው። «ተረፍሽ እኮ፣ በቃ እርሺው» የሚለኝ ብዙ ነበር። በቅንነት ነው፣ ቅያሜ የለኝም። ግን ሰው ስለፈለገ ብቻ አይረሳም። የፍሬን ድምፅ ስሰማ እደነግጣለሁ። ሌሊት እየባነንኩ እነሳለሁ። ከሁሉ የከፋው የገዛ ልቤን ምት መፍራቴ ነበር። ደረጃ ወጥቼ ልቤ ሲመታ ያ የአደጋው ምሽት ተመልሶ የመጣ ይመስለኛል። በኋላማ ደረጃ መውጣትም ተውኩ።

የስነ ልቦና ባለሙያዬ፣ ያበድኩ መስሎኝ ነበር እርስዎ ዘንድ የመጣሁት። ከአደጋ በኋላ የሚመጣው ይህ የጭንቀት ሕመም የታወቀ መሆኑን ነገሩኝ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በሕመሞች መዝገቡ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ከዚያ በፊት ከጦርነት የተመለሱ ስንት ወታደሮች «ፈሪ» እየተባሉ እንደኖሩ ሲያጫውቱኝ እንዴት እንደቀለለኝ! ሃይኪንግ፣ የተራራ የእግር ጉዞ፣ ልሞክር ስልዎትም አልሳቁብኝም። «ልብሽ በዳገት ሲመታና በፍርሃት ሲመታ ያለውን ልዩነት ሰውነትሽ ይማረው» አሉኝ። ሕክምናውንም እንዳላቋርጥ አስጠነቀቁኝ፤ አላቋረጥኩም። ተራራ ብቻውን አዳነኝ ብዬ ማንንም ማሳሳት አልፈልግም።

መሪያችን፣ ስምህን ባልጽፍም ራስህን ታውቃለህ። መጀመሪያ ያስቸገረኝ ዳገት ላይ እጄ በረደ፣ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ፣ ማልቀስ ጀመርኩ። «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረው» ብትለኝ ኖሮ ተመልሼ እሄድ ነበር። አንተ ግን ዝም ብለህ አጠገቤ ቁጭ አልክ። ቆይተህ እግሬ የረገጠውን፣ ፊቴን የሚነካኝን ጠየቅከኝ። ድንጋይ አልኩህ። ንፋስ አልኩህ። ጥያቄው የልጅ ጨዋታ ይመስል ነበር፣ ግን ከዚያ ምሽት አውጥቶ እዚያው ዳገት ላይ አስቀመጠኝ። ትንሽ አርፈን የልቤ ምት በራሱ ሲረጋጋ አየሁ። ዳገት ያመጣው ነበር፣ ዕረፍት መለሰው። በቃ ይኸው ነው! ይህንን ሕክምናው ላይ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሰውነቴ ያመነው ግን እዚያ ነው።

ጥብቅነትህንም አመሰግናለሁ። ከ3000 ሜትር በላይ የማደሪያችንን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አልጨምርም ብለህ ስትከራከር ያጉረመረሙ ነበሩ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ትንፋሽ ያጥራል፣ እንቅልፍም ይረበሻል። ፍርሃት የሚያደርገኝም ይህንኑ ነው። አንተ ቀድመህ «ዛሬ ሌሊት ትንፋሽሽ ቆም እያለ ሊቀጥል ይችላል፣ ከፍታው ነው፤ ራስ ምታት ከያዘሽ ግን ቀስቅሺኝ» አልከኝ። እውነትም ሌሊት ነቃሁ። ምክንያቱን ስለማውቀው ተገላብጬ ተኛሁ።

አብረውኝ ለተጓዙት ደግሞ ምን ልበል? «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ጎን ለጎን ስንሄድ፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ፣ ለማንም ያልነገርኩትን በገዛ ፈቃዴ ነገርኳችሁ። ጉም ወርዶ ጫፉ ላይ ሳንደርስ ስንመለስም አንድም ሰው ፊቱን አላጠቆረብኝም። ከጎኔ ድንኳን ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋ ለነበረውም ምስጋናዬ ይድረሰው። ሌሎቹ ተማረውብህ ነበር፤ እኔ ግን በባነንኩ ቁጥር ሰው አጠገቤ እንዳለ የማውቀው በአንተ ነው።

እህቴ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ስከርም የተጨነቅሽውን አውቃለሁ። እንዲያም ሆኖ «ቅሪ» አላልሽኝም። ውለታሽ አለብኝ።

ዱላ ያዋስሽኝ ልጅ፣ ቁልቁለቱን ጉልበቴ የቻለው በእሱ ነው። የጫፉ ጎማ ወልቆ ጠፍቶብኝ ሌላ ገጥሜለታለሁ። ለሚቀጥለው ጉዞ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ለራሴም ገዝቻለሁ።