ጠቦቱን ከመግዛትሽ በፊት እናቱን እዪ

የኔ ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

ትናንት በስልክ «አባዬ፣ ሁለት የመንዝ ጠቦት ከሾላ ገዝተህ በአይሱዙ ላክልኝ» ስትይኝ ዝም ያልኩት ነገሩ ስላላማረኝ ነው። እዚህ አራት ኪሎ ተቀምጬ ብዙ ከማወራ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

ሾላ ላይ ሰው በግ ሲገዛ አይተሻል። ወገቡን ጨበጥ፣ ላቱን መዘን ያደርጋል፣ ብድግ አድርጎ ክብደቱን ይለካል፣ ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። ለበዓል ይሄ በቂ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ግን አባት የሚሆን በግ ነው። አንድ የደረሰ አውራ እስከ 30 እናት በግ ይበቃል፤ ጉድለቱም ለዚያ ሁሉ ግልገል ይተርፋል። እናቱ ማን ናት? ወተቷስ? ነጋዴው ይህን አያውቅም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይሄ ነው። ገበሬው ብር ሲቸግረው ቶሎ ያደገውን ጠቦት ይሸጣል። ዋጋ የሚያወጣለት እሱ ነዋ! እናቶቹን የሚሰርረው ቤት የቀረው ቀጫጫ ይሆናል። እንዲህ እየተባለ ዘሩ ይኮስሳል። ከዚያ «የመንዝ በግ ድሮም ትንሽ ነው» ይላሉ። ብርድና የመኖ እጥረት የሚችል፣ ፀጉሩ ባና የሚሆን በግ እኮ ነው!

መንዝ ውስጥ ይህን ለማስቆም የተጀመረ ጥሩ ሥራ አለ። እንደ አውሮፓውያን በ2009 ኢካርዳና ኢልሪ የሚባሉት ዓለም አቀፍ የግብርናና የእንስሳት ምርምር ተቋማት ከአገራችን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው መሐል ሜዳና ሞላሌ አካባቢ አርቢዎችን አደራጁ። የጠቦቶቹ ልደትና ክብደት ይመዘገባል። በ6 ወራቸው በክብደት ይለያሉ፣ በኋላም አርቢዎቹ ራሳቸው በዓይናቸው አይተው ለዘር የሚቀረውን ይመርጣሉ። የተመረጠውን ለእርድ አይሸጡም፣ በጋራ ይጠቀሙበታል። ቦንጋና ሆሮ ላይም እንዲሁ ተሠርቷል። ስለዚህ እንዲህ ካለ መንደር ወይም መዝገብ ከያዘ አርቢ ግዢ።

እዚያ ስትደርሺ ጠቦቱን ተይውና መጀመሪያ እናቱን አሳዩኝ በይ። ጡቷ ሁለቱም በኩል ጤነኛ ይሁን። ያለፉት ግልገሎቿ አድገው እንደሆነ ጠይቂ። ከዚያ ጠቦቱን ያዢ። ከንፈሩን ገለጥ አድርገሽ ጥርሱ ከላይኛው ድድ ጋር መግጠሙን እዪ፤ ያልገጠመለት ሣር በደንብ አይነጭም። ቆለጡን በእጅሽ ዳብሺ፣ አትፈሪ፤ ሁለቱም የወረዱ፣ እኩል፣ ጠንከር ያሉና እብጠት የሌለባቸው ይሁኑ። የታችኛውን የዓይኑን ሽፋን ሳብ አድርጊ፤ ውስጡ ከነጣ ሆዱ ውስጥ ትል ሊኖር ይችላል። ከዚያ ልቀቂውና ሲሄድ ከኋላ ተመልከቺ።

በቀለሙ ግን አትመልሺው። ከተማ ላይ ጥቁር በግ ፈላጊ ያንሰዋል፣ ለዘር ግን ጥቁርነት ነውር አይደለም። የአያትሽ በርኖስ ከምን የተሠራ ይመስልሻል?

ሁለቱም ጠቦቶች ከአንድ እናት ወይም ከአንድ አውራ የተወለዱ እንዳይሆኑ። ካንቺ በጎች ጋርም ዝምድና አይኑራቸው። የሚወልዷቸውን ሴቶች መልሰው እንዳይሰርሩ ደግሞ ከሌላ አርቢ ጋር አውራ የምትቀያየሪበትን መንገድ ካሁኑ አስቢ። ስታመጪያቸው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻ ይቆዩ፤ የእንስሳት ሐኪሙ አይቶ የቀረ ክትባት ካለ ይስጣቸው።

ዋጋው ከሾላ ቢበልጥ አትደንግጪ፣ ልዩነቱን እኔ እሞላለሁ። ገበሬው ሊሸጠው ያሰበውን ጥሩ ጠቦት ካገኘሽ ቀብድ ስጪና ደውዪልኝ። ቅዳሜ በጠዋቱ መኪና ደብረ ብርሃን እደርሳለሁ፣ አብረን እንሄዳለን።

አባትሽ