ጉዳዩ፦ አለቃ ገብረ ሐናን ባጃጅ ስላሳፈሩት ልጆች

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ከርማችኋል?

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት የልጃቸውን ደብተር ይዘው ቢሮዬ መጡ። ተቆጥተዋል። «አለቃ ገብረ ሐናን አሳፈራችኋቸው!» አሉኝ። ደብተሩን ገልጬ ሳነብ፣ እውነትም አለቃ ባጃጅ ላይ ተሳፍረዋል። ሳቄ አመለጠኝ። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይቅርታው ለሳቁ ነው፣ ለድርሰቱ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የንባብ ክበባችን ዘንድሮ የጥንት ጀግኖችን ወደ ዛሬ ኑሮ የሚያመጡ አስቂኝ ምናባዊ ልቦለዶችን እያነበበ፣ እየጻፈም ነው። ከውጭ የመጣ ነገር ነው ብላችሁ አትስጉ። በእርግጥ እንግሊዞች ንጉሥ አርተር አገር ሲጨነቅ ይመለሳል ይላሉ። ጀርመኖችም ፍሬድሪክ ባርባሮሳ ተራራ ውስጥ ተኝቷል፣ ጢሙ አድጎ ጠረጴዛውን ዞሮታል ይላሉ። ለደራሲ የሚቀረው ሰውየውን ቀስቅሶ ወረፋ ማስያዝ ብቻ ነው። እኛስ ብንሆን? ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል ይል የለ? የቋራው ካሳ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ስሙን የወሰዱት ከዚያው ነው።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። አለቃ ጣና ዳር ቆመው ሞገዱን ያያሉ። የፎገራ ሰው ናቸው፤ የአቋቋሙን፣ ማለትም የማሕሌቱን ሽብሸባ፣ ስልት ከጣና ሞገድ ቀዱት ይባላል። ልጁ ይህን የሰማው ከአያቱ ነው። ባለባጃጁ ጡሩንባ ነፍቶ ያሳፍራቸዋል።

«አባባ፣ ከየት ነው?»

«ሌሊቱን ስዘርፍ አድሬ ነው።»

እሳቸው ቅኔ ማለታቸው ነው። ባለባጃጁ መሪውን ጠምዝዞ ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ!

«ምን ዘረፉ?» ይላል ፖሊሱ።

«ጉባኤ ቃና።»

«ስንት ነው?»

«ሁለት ቤት።»

ፖሊሱም መዝገቡ ላይ «ሁለት ቤት ዘርፈዋል» ብሎ ይጽፋል።

እዚህ ላይ የተሳቀው በማን ነው? በአለቃ አይመስለኝም። ቅኔ ሲነገረን ሌባ በምንጠራው በእኛ ነው። ደግሞም ይህ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭር ቅኔ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ እንዳለው ሳያውቅ ይህን ቀልድ ሊጽፍ አይችልም። እኔ እንኳ ለማረጋገጥ የአማርኛ መምህሩን ጠይቄያለሁ።

ሁሉም ግን እንዲህ አልሰመረም። አንዷ ተማሪ ዓፄ ቴዎድሮስን አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ አቁማ 380 ሜትሩን በእርምጃ ታስለካቸዋለች። መንገድ ሲሠራ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሱ ንጉሥ ናቸውና አምሮባቸዋል። ሌላው ተማሪ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ያስጨፍራቸዋል። ይህንን መለስኩለት። ንጉሡን አያውቃቸውም፤ ስማቸውን ብቻ ነው የተበደረው። አንብቦ እንዲመለስ ነግሬዋለሁ።

ቅዱሳንና ጻድቃን በዚህ ጨዋታ ውስጥ አይገቡም። ይህን ገና ከመጀመሪያው ተነጋግረናል። የልጅ ልጆቻቸው ጎረቤታችን የሆኑ አርበኞችንም ቤተሰብ ሳንጠይቅ አንነካም።

ከእናንተ የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ማታ ቡና ሲፈላ ስለ አንድ የጥንት ሰው የምታውቁትን ንገሯቸው። አያት ካለ ደግሞ አያት ይናገር። ድርሰቱን ግን እባካችሁ አትጻፉላቸው። «ከዚህ በመነሳት» የሚል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ባለፈው ሳምንት ግን ሦስት ደብተር ላይ አየሁት።

የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ልጆቹ በቤተ መጻሕፍታችን ሥራቸውን ያነባሉ። ወንበር ስለሚያጥረን ቀደም ብላችሁ ኑ።

እኚያ አባትም ይመጣሉ። ያን ቀን ሲወጡ በር ላይ ዞር ብለው፣ «ለመሆኑ አለቃ ተፈቱ?» አሉኝ።

ቅዳሜ ይስሙ አልኳቸው።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህሩ
ባሕር ዳር