ክቡር ሚኒስትር፣ ትርጉሙን በቃሌ ይዤው ነበር

ለትምህርት ሚኒስትር

ጉዳዩ፦ የመጀመሪያ እርዳታ በየትምህርት ቤቱ በተግባር እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

ተማሪ እያለሁ ፈተና ላይ «የመጀመሪያ እርዳታ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። «ድንገተኛ አደጋ ወይም ሕመም ለደረሰበት ሰው ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ የሚደረግለት አፋጣኝ እርዳታ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። መልሱን ዛሬም አልረሳሁትም።

ከዓመታት በኋላ ሥራ ቦታ አንድ ባልደረባችን ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ትንሽ ቀደም ብሎ ሲያጫውተን ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከአሥር የማናንስ ሰዎች ነበርን፤ ሁላችንም የተማርን። አንዱ «ውሃ አምጡ!» ይላል። ሌላው ደግፎ ሊያስቀምጠው ይታገላል። አንዷ በወረቀት ታራግብለታለች። አምቡላንስ ሌላ ሰው የጠራ መስሎን ነበር፤ ለካ ማንም አልደወለም። እኔ እጁን ይዤ ስሙን እጠራለሁ። አልፎ አልፎ አፉን ይከፍትና አየር ሳብ ያደርጋል፤ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ይሰማል። «ተመስገን፣ እየተነፈሰ ነው» ተባባልን።

እየተነፈሰ አልነበረም። ይህንን ያወቅኩት ከቀበርነው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ልብ ቀጥ ስትል ሰው ለጥቂት ደቂቃ እንዲህ በየመሃሉ አየር ሊስብ ይችላል። ማጣጣር ነው እንጂ ትንፋሽ አይደለም። ለሚያውቅ ሰው «አሁኑኑ ደረቱን መጫን ጀምር» የሚል ምልክት ነበር። እኛ ግን ተጽናናንበት።

ብንጫንለት ኖሮ ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም። ማንም ሊምል አይችልም። ግን ዕድሉን ነፍገነዋል። ልብ ከቆመች በኋላ አንጎል ያለ ኦክስጅን ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ሲቆይ መጎዳት ይጀምራል። ደረት የሚጫን ሰው ከሌለ በየደቂቃው የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። የትኛውም አምቡላንስ፣ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን፣ አጠገቡ የቆመውን ሰው አይቀድምም።

ከዚያ በኋላ ሥልጠና ፈልጌ ገባሁ። ወለሉ ላይ አሻንጉሊት ተጋድሟል። አሠልጣኟ መጀመሪያ ያስተማረችን ጣት መቀሰር ነው። «ሰው ጥሩ!» ብሎ መጮህ ዋጋ የለውም አለች። አንድ ሰው ይመረጣል፦ «አንቺ፣ ቢጫ ሹራብ የለበስሽው፣ አምቡላንስ ጥሪ፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጊው።» ያን ቀን እኛ ክፍል ውስጥ የጠፋው ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች።

ቀጥሎ ተራዬ ደረሰና ተንበረከክኩ። የአንዱ እጅ መዳፍ ደረቱ መሃል፣ አጥንቱ ላይ ያርፋል፤ ሌላው እጅ ከላይ ይደረባል። ክንድ አይታጠፍም። እኔ እንደ ማሸት ያለ ነገር ጠብቄ ነበር። «ጠንከር በል፣ አይሰበርም!» አለችኝ። ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፤ በየጫናው መካከል ደረቱ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ይነሳ። ጥልቀቱ ሲደርስ አሻንጉሊቱ «ቀጭ» ይላል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ላብ አጠመቀኝ፣ ክንዴ ዛለ። ለዚህ ነው በየ2 ደቂቃው ሰው መቀያየር ያለበት። አፍ ለአፍ መተንፈስ ያልሠለጠነ ወይም የፈራ ሰው ደግሞ እየጫነ ብቻ ቢቀጥልም ትልቅ ነገር ነው። ክቡር ሚኒስትር፣ የዚያን «ቀጭ» ድምፅ ከየትኛው የመማሪያ መጽሐፍ ላገኘው እችል ነበር?

አሻንጉሊቱን እ.ኤ.አ. በ1960 የሠራው ኦስሙን ሌርዳል የተባለ ኖርዌያዊ የልጆች መጫወቻ አምራች ነው። ፊቱን የወሰደው ማንነቷ ካልታወቀ ወጣት ሴት የፊት ቅርጽ ነው፤ ፓሪስ ውስጥ ሴን ወንዝ ሰጥማ የተገኘች እንደሆነች ይነገራል። ይህን ስሰማ ዝም ብዬ ፊቷን ሳይ ቆየሁ። እዚያው ኖርዌይ ውስጥ በማግስቱ ዓመት፣ በ1961፣ ትምህርቱ ትምህርት ቤት ገባ። ዴንማርክ በ2005 ትምህርት ቤቶች እንዲያስተምሩት ግዴታ አደረገች፤ ቀጥላም መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሁሉ እንዲማረው አደረገች። እዚያ ከ2001 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ልባቸው ከቆመ ሰዎች መካከል አጠገቡ ያለ ሰው ደረቱን የተጫነለት ከ21 በመቶ ገደማ ወደ 45 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። አንድ ወር በሕይወት የተሻገረው ደግሞ ከ3.5 በመቶ ወደ 10.8 በመቶ። የሕክምናው መሻሻልም የራሱ ድርሻ አለው። ቢሆንም ሐኪም የሚያክመው በሕይወት የደረሰለትን ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የደገፈው ሐሳብ አለ፦ ከ12 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ በዓመት 2 ሰዓት። በዓመት ሁለት ሰዓት ብቻ! ሥርዓተ ትምህርቱ ተጨናንቋል እንደሚባል አውቃለሁ፤ መምህራን ሲማረሩም እሰማለሁ። ግን ሁለት ሰዓት የማይገኝለት ዓመት የለም። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። አሻንጉሊት ለሁሉም ካልተዳረሰ ጥቅጥቅ ተደርጎ በተሞላ ትራስ የእጅ አቀማመጡንና ፍጥነቱን መልመድ ይቻላል።

ሌላ ሌላው በየዓመቱ ቀስ በቀስ ይጨመራል። እሳት ወይም የፈላ ውሃ ያቃጠለው እጅ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ይፈስበታል እንጂ የጥርስ ሳሙና አይቀባም። የሚጥል በሽታ የጣለው ሰው አፉ ውስጥ ማንኪያ አይከተትም፣ ተይዞም አይታሰርም፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ተደርጎ ሰዓት ይያዝለታል፤ 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራል። የሚነስረው ልጅ ወደ ኋላ አይጋደምም፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ለስላሳውን የአፍንጫውን ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይይዛል። ራሱን የሳተ ሰው ውሃ አይጠጣም፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በዚህ ሁሉ ስሕተቱን የሚሠራው ክፉ ሰው አይደለም። የሚወደው ሰው ፊቱ ሲወድቅ እጁን አጣጥፎ መቆም የሚችል የለም። የሚያውቀው ካጣ ያገኘውን ያደርጋል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ትምህርቱ ሲገባ ፈተናው በጽሑፍ አይሁን። «ግለጽ፣ አብራራ፣ ዘርዝር» ከሆነ እንደ እኔ ያለ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ተመልካች ነው የምናፈራው። ልጁ ይንበርከክ፣ ይጫን፣ ጣቱን ቀስሮ «አንተ ደውል» ይበል። ያላለፈ ደግሞ እስኪያልፍ ይድገመው።

እኔ አሁን አሠልጣኝ ለመሆን እየተማርኩ ነው። ምዘናውን እንዳለፍኩ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚመድቡኝ ትምህርት ቤት በነፃ አስተምራለሁ። አሻንጉሊት በራሴ ገዝቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የተማሪ ወላጅ