«ጭጋጉ ስንት ሰዓት ላይ ይነሳል?»

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

አማን ከረማችሁ? በቅርቡ ባወጣችሁት አንድ ጽሑፍ የማያውቁትን ሰው በስልክ መተዋወቅ የሥራ ፈት ልማድ ነው ተብሎ አነበብኩና ሁለት ቀን ሳሰላስለው ሰነበትኩ። የጸሐፊው ስጋት ይገባኛል። ሰው ስለ ሰው ለማወቅ መጓጓቱ እንደ ነውር መቆጠሩ ግን አልተዋጠልኝም።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰውን ከሰው በማገናኘት ነው። በ1968 ዓ.ም. ባቲ ስልክ ቤት በኦፕሬተርነት ተቀጠርኩ፤ ኋላ ደሴ ተዛውሬ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ያን ጊዜ ስልክ ፈላጊው ከገጠር በእግሩ መጥቶ ይመዘገብና አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። «ሃሎ ኮምቦልቻ! አሰብን ስጪኝ!» እያልኩ ስጮህ ግማሽ ቀን የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። ጠባቂው ታዲያ ዝም ብሎ አይቀመጥም። «አሰብ ማን አለሽ? ወደቡ ላይ ነው የሚሠራው? ሙቀቱን እንዴት ቻለው?» ይባባላሉ። መስመሩ ተገኝቶ አንዲት እናት የልጇን ድምፅ ስትሰማ፣ ልጁን አይተውት የማያውቁ ሰዎች ሁሉ «እሰይ!» ይላሉ። እኔም ቁልፉን እንደያዝኩ እንባዬ ይመጣ ነበር።

ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ነው። አፋሮች ግመልና ፍየላቸውን ይዘው ከቆላ ይወጣሉ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ከተገናኙ ሳይጠያየቁ አይተላለፉም፤ ዳጉ ይሉታል። ቁጭ ብለው አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ዝናቡ የት ጣለ፣ ግጦሹ የት ደረቀ፣ ማን ታመመ፣ መንገድ ላይ ማን ገጠመህ። ከዚያ ተራው ይገለበጣል። አንድ ስልክ ሊደውሉ የመጡ ሽማግሌ እንዳስረዱኝ ያዩትን «አየሁ»፣ የሰሙትን «ሰማሁ» ብለው ለይተው ነው የሚናገሩት። ዳጉ ላይ የሚዋሽ ሰው ይነወራል፣ ይቀጣልም። ዛሬ በየስልኩ የሚበተነውን ወሬ ሳይ እኚያ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል።

ወደ ራሴ ነገር ልምጣ። በ2012 ዓ.ም. ጅዳ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ስማርት ስልክ ላከችልኝ፤ የጎረቤት ተማሪ ቴሌግራምና ኢሞ ጫነልኝ። አንድ ጧት አዲስ አበባ ላለው ልጄ የድምፅ መልእክት ላክሁ። «ዛሬ ጦሳ በጭጋግ ተሸፍኗል፣ ብርዱ አይጣል ነው» አልኩት። ቁጥሩን ስመዘግብ አንዷን አኃዝ አሳስቼ ኖሮ መልሱ የመጣው ከማላውቃት ሴት ነው። «እማማ፣ ተሳስተው ነው የላኩት፤ እኔ ሐረር ነኝ። ግን ጦሳ ምንድን ነው? ጭጋጉስ ስንት ሰዓት ላይ ይነሳል?»

ጦሳ ተራራ መሆኑን፣ ደሴ ከሥሩ እንደተቀመጠች፣ ጭጋጉም ክረምት ላይ አንዳንድ ቀን ጨርሶ እንደማይነሳ ነገርኳት። እሷ ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው ተወልዳ ያደገችው። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሰዎች ጅብ እንደሚመግቡ ስትነግረኝ ስንት ነገር ጠየቅኋት! ልጆቹ አይፈሩም ወይ? ጅቡ ቤቱን ለይቶ ያውቃል ወይ? የቡና ቅጠል አፍልተው ቁጢ እንደሚጠጡ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ የገጠሩ ወሎዬ ቡናውን በስኳር ሳይሆን በጨው እንደሚጠጣ ስነግራት አላመነችኝም፤ ራሷ ሞክራው በማግሥቱ ወደደችው። የየት ወገን እንደሆንኩ ጠይቃኝ አታውቅም። ብትጠይቀኝስ ምን እላታለሁ? የአባቴ ስም የእስላም፣ የአያቴ ስም የክርስቲያን ነው። እኛ ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ገባ፣ ስልክም ተቋረጠ። ያ ዝምታ ለእኔ ከተኩሱ ባላነሰ ይከብደኝ ነበር፤ መስመር ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ የማውቅ ሰው ነኝና። መስመሩ ሲመለስ ከልጄም፣ ከእህቴም ልጅ ቀድማ ያገኘችኝ የሐረሯ ናት። ድምፄን ስትሰማ «አብሽሪ እማማ፣ አብሽሪ» አለችና አለቀሰች። «አብሽር» እኛ ወሎዬዎች አይዞህ የምንልበት ቃል ነው፤ ከእኔ ነው የለመደችው።

እርግጥ ክፉውንም አይቻለሁ። የጎረቤቴ ልጅ፣ የ17 ዓመት ልጅ፣ በቲክቶክ የተዋወቀችው «ወዳጅ» ደላላ ሆኖ ተገኘ። በጅቡቲ፣ በባሕር፣ በየመን አድርጎ ሳውዲ ሊያሻግራት ነበር። ወንድሟ አፋር ውስጥ ሎጊያ ላይ ደርሶ መለሳት፤ አላህ አተረፋት። የተጻጻፉትን ሁሉ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ዕድሜዋን ጠይቋታል። እጇ ላይ ስንት ብር እንዳለ ጠይቋታል። ውጭ አገር ገንዘብ ሊልክ የሚችል ዘመድ እንዳላት ሦስት ጊዜ ጠይቋታል፤ መንገድ ላይ አግተው ማስለቀቂያ የሚያስከፍሉት ይህን አጣርተው ነውና። እናትሽ እንዴት አደሩ? አላላትም። ሰፈርሽ ምን ይመስላል? አላላትም። ሁለት ወር ሙሉ ሲያወሩ ለኪሱ የማይረባ አንድ ጥያቄ አልጠየቃትም።

ለዚህ ነው ልጆቹን «ከማታውቁት ሰው አታውሩ» ብቻ ማለት የማይበቃው። ስልኩን አልቀማቸውም። የሚጠይቃችሁን ጥያቄ ለዩ እላቸዋለሁ፤ ለእሱ ምንም የማያስገኝለትን ነገር ስለእናንተ ጠይቆ ያውቃል ወይ?

ክቡር አዘጋጅ፣ በእኛ ዘመን መጽሔቶች የብዕር ጓደኛ የሚባል ዓምድ ነበራቸው፤ ስንቱን ሰው አስተዋውቀዋል። እናንተም ከገጻችሁ አንዲት ጥግ ለአንባቢዎች ጥያቄ ስጡልን። አድራሻ አይጻፍ፣ ጥያቄና መልስ ብቻ ይውጣ። ከፈቀዳችሁ የመጀመሪያዋ የእኔ ትሁን፣ ጋምቤላ ላለ አንባቢ፦ ባሮ ሲሞላ ሌሊት ድምፁ ቤት ውስጥ ይሰማል?

የቀድሞ የስልክ ኦፕሬተር
ከደሴ